የካርቶኗ ዋጋ ስንት ነው?
ስለ ባሕርይ ትንተናና ስለ ባሕርይ ኢኮኖሚክስ

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ እኛ አራት ሰልጣኞች በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ተመድበን ነበር። የክፍሉ ተማሪዎች 62 ናቸው። ከነዚህ ውስጥ የቤት ሥራ ሠርተው የሚመጡት ከ20 አይበልጡም ነበር። እኛም በሥነ ልቦና ትምህርት «ማጠናከሪያ» የሚባለውን ነገር በቅርቡ ተምረን ስለነበር፣ የተማርነውን በሥራ ለመተርጎም ቸኮልን። ከፔዳጎጂ ማዕከሉ ካርቶን ለምነን፣ በመቀስ ቆራርጠን፣ በእያንዳንዱ ላይ ኮከብ ሣልንበት። የቤት ሥራውን ሠርቶ ለመጣ ልጅ በየቀኑ አንድ ካርቶን ይሰጠዋል፤ ዐሥር ካርቶን ያጠራቀመ በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ እርሳስ ይወስዳል። ደንቡ ይኸው ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የቤት ሥራ ሠርተው የመጡት ከ40 በላይ ሆኑ። እኛም ደረታችንን ነፋን። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ግን ቁጥሩ ወደ 30 ወረደ፤ ረቡዕ 18 ሆነ፤ ማለትም ካርቶን ከመቁረጣችን በፊት ከነበረው አነሰ ማለት ነው። በዚያው ረቡዕ አንድ ልጅ 17 ካርቶን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እርሳሴን ዛሬ ልውሰድ?» አለ። ካርቶን ማደል ከተጀመረ ገና ስምንተኛው ቀን ስለነበር ይህ ሊሆን አይችልም። ብናጣራ ለካ በብይና በቆሎ ከጓደኞቹ ገዝቶ ኖሯል። በሌላ በኩል ደግሞ በክፍል ውስጥ እጇን ከሁሉ ቀድማ የምታወጣ አንዲት ልጅ በስምንቱ ቀን አንዲት ካርቶን እንኳ አላገኘችም። እኛም፣ አሁን ስንናገረው ያሳፍረናል፣ ስሟን በጥቁር ሰሌዳው ጥግ «ሰነፎች» በሚለው ሥር ጻፍነው። ወደዚህች ልጅ ኋላ እንመለሳለን።

ነገሩን ለልምምድ ተቆጣጣሪ መምህራችን ስንነግራቸው «ካርቶናችሁ ስንት ያወጣል?» ብለው ጠየቁን። የወረቀቱን ዋጋ የጠየቁን መስሎን «በነፃ ነው ያገኘነው» አልን። «ለእናንተ አላልኩም፣ ለልጁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ቤተ መጻሕፍት የገባነው። ያገኘነው ነገር በአንድ ክፍለ ትምህርት የሚያልቅ አልነበረም። ተግባራዊ የባሕርይ ትንተና የሚባል አንድ ሙያ አለ፤ የባሕርይ ኢኮኖሚክስ የሚባል ሌላ ሙያም አለ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ የእኛው የካርቶን ጉዳይ ሆኖ ስላገኘነው፣ የተረዳነውን ያህል ለማብራራት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «ባሕርይ» የሚለውን ቃል እንለየው። በተለምዶ የአንድ ሰው ባሕርይ ስንል ተፈጥሮውን ማለታችን ነው፤ «ባሕርይው ነው፣ አይለቀውም» እንላለን። በዚህ ሙያ ግን ባሕርይ ማለት ሰው ወይም እንስሳ የሚያደርገው፣ ሌላ ሰው አይቶ ሊቆጥረው የሚችል ድርጊት ነው። እጅ ማውጣት ባሕርይ ነው። ደብተር መክፈት ባሕርይ ነው። «ሰነፍ» ግን በዚህ አባባል ባሕርይ አይደለም፤ እኛ የለጠፍነው ስም ነው።

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ባወጣው ጥናት ድመቶችን በሣጥን ውስጥ እየዘጋ፣ መዝጊያውን ከፍተው ለመውጣት የሚፈጅባቸውን ጊዜ ይመዘግብ ነበር። ድመቷ ስትወጣ ምግብ ታገኛለች። ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር የመውጫው ጊዜ እያጠረ ሄደ። ከዚህ ተነሥቶ፣ ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስከተለ ድርጊት የመደገም ዕድሉ ይጨምራል የሚለውን «የውጤት ሕግ» አወጣ። ቢ. ኤፍ. ስኪነር (1904-1990) ደግሞ ይህንን ሐሳብ በአይጥና በርግብ ላይ ለብዙ ዓመታት በመሞከር አሰፋው። ከድርጊቱ በኋላ የሚመጣውና ድርጊቱን የሚያበዛው ነገር ማጠናከሪያ ተባለ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። አንድን ነገር ማጠናከሪያ የሚያሰኘው እኛ ለማጠናከር ማሰባችን አይደለም፤ ድርጊቱ በእርግጥ መጨመሩ ነው። ካልጨመረ፣ ያ ነገር ከረሜላም ይሁን ወርቅ፣ ማጠናከሪያ አይደለም። እኛ ግን ካርቶኗን ገና ስንቆርጣት «ማጠናከሪያ» ብለን ሰይመናት ነበር።

ይህ ዕውቀት ከላቦራቶሪ ወጥቶ በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታልና በቤት ውስጥ ለሰው የሚጠቅም ድርጊትን ለመለወጥ ሲውል ተግባራዊ የባሕርይ ትንተና ይባላል። በ1968 በዚሁ ስም አንድ የጥናት መጽሔት በአሜሪካ መታተም ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት እትም ላይ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶናልድ ቤር፣ ሞንትሮዝ ዎልፍና ቶድ ሪዝሊ ሙያው ምን ምን ማሟላት እንዳለበት ጻፉ። የሚጠናው ድርጊት ለሰዎች ኑሮ ቁም ነገር ያለው መሆን አለበት፤ ድርጊቱ መቆጠር አለበት፤ ለውጡን ያመጣው እኛ ያደረግነው ነገር መሆኑም መታየት አለበት።

የመጨረሻው ነጥብ እንዴት እንደሚታይ በዚያው ዓመት በዚያው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። ቫንስ ሆልና ባልደረቦቹ የአንድ አንደኛ ክፍልና የአምስት ሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሁኔታ ተከታተሉ። ልጆቹ የሚረብሹ ወይም ሥራ ሳይሠሩ ጊዜ የሚያባክኑ ነበሩ። በመጀመሪያ ምንም ሳይለወጥ ቆጠሩ። ቀጥሎ አስተማሪዋ ልጁ ሲያጠና ብቻ ጠጋ ብላ እንድታነጋግረው፣ ሲረብሽ ግን እንዳላየች እንድታልፈው ተደረገ። የጥናት ጊዜው ጨመረ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ገለበጡት፤ ትኩረቷን ከማጥናቱ ላይ አነሣች፤ የጥናት ጊዜውም ቀነሰ። እንደገና ሲመልሱት እንደገና ጨመረ። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ እርሳስም ካርቶንም የለም። የተከፈለው የአስተማሪዋ ዓይንና ቃል ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ወደ ኢኮኖሚክስ የሚያደርሰን እንዴት ነው? መንገዱ በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በኩል ያልፋል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት አና በምትባል ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል፣ ቴዎዶሮ አይሎንና ናታን አዝሪን የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሰዎች በ1960ዎቹ ዓመታት እንደ እኛው ካርቶን የሚያገለግል ምልክት ለሕሙማኑ ማደል ጀመሩ፤ ውጤቱንም በ1968 በመጽሐፍ አወጡ። አንዲት ሕመምተኛ በወጥ ቤት ወይም በልብስ ማጠቢያ ስትሠራ ምልክት ታገኛለች። በምልክቱ የምትተኛበትን ክፍል ትመርጣለች፣ ወደ ውጭ ወጥታ ትንሸራሸራለች፣ ከሱቅ ዕቃ ትገዛለች። «የቶክን ኢኮኖሚ» ያሉትም ይህንን ነው። ለዓመታት ያለ ሥራ ተቀምጠው የነበሩ ሰዎች ሥራ ጀመሩ።

አሁን ይህንን በኢኮኖሚክስ ባለሙያ ዓይን እንየው። በአንድ ግቢ ውስጥ ደመወዝ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ሱቅ አለ፣ የዋጋ ዝርዝር አለ። ከዚህ በላይ የኢኮኖሚ ላቦራቶሪ ከየት ይመጣል? በእርግጥም ሬይመንድ ባታሊዮ፣ ጆን ኬግልና ጓደኞቻቸው በ1973 ባወጡት ጥናት፣ የቶክን ኢኮኖሚ በሚሠራበት አንድ ሆስፒታል ውስጥ የአንዳንድ ዕቃዎችን ዋጋ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ሕሙማኑ የሚገዙትን መዘገቡ። ብዙዎቹ ሕሙማን ዋጋው የረከሰውን ዕቃ አብዝተው፣ የተወደደውን ቀንሰው ገዙ። «አእምሮው ታሟል» ተብሎ የተዘጋበት ሰው በገበያ ላይ እንደ ማናችንም ያስባል ማለት ነው። ኋላም እነዚሁ ሰዎች አይጦችን በሁለት ዓይነት ለስላሳ መጠጥ ፈተኑ። የመጠጡ ዋጋ አይጡ መቀበጫውን የሚጫንበት ብዛት ነበር። አንደኛው መጠጥ ሲወደድ አይጦቹ ወደ ሌላው ዞሩ። (ይህንን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ «እናቴ በርበሬ ሲወደድ የምታደርገው ይህንኑ ነው» አለ።)

ከባሕርይ ተንታኞቹ ወገን ደግሞ ስቲቨን ሐርሽ በ1980 የኢኮኖሚክስ ጽንሰ ሐሳቦችን ለባሕርይ ትንተና እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ጻፈ፤ በ1984ም ጽሑፉን ቀጠለ። ከነዚህ ውስጥ ለእኛ የጠቀሙንን ሦስት ነገሮች እናንሣ፤ ሌላውን ለቤተ መጻሕፍት እንተወው።

አንደኛው ዋጋ ነው። በገበያ ዋጋ የሚባለው ገንዘብ ነው፤ በባሕርይ ትንተና ግን ዋጋ ማለት አንድን ነገር ለማግኘት የሚጠየቀው ሥራ ነው። አንዲት ምግብ ለማግኘት አሥር ጊዜ መጫን ካስፈለገ ዋጋዋ አሥር ነው፤ መቶ ጊዜ ካስፈለገ መቶ ነው። ዋጋው ሲጨምር ሠራተኛው ምን ያደርጋል? ነገሩ በጣም የሚያስፈልገው ከሆነ ጠንክሮ ሠርቶ የለመደውን ያህል ለማግኘት ይሞክራል። በጣም የማያስፈልገው ከሆነ ቶሎ ይተወዋል። ጨው ቢወደድ ሰው ጨው መግዛቱን አያቆምም፤ ከረሜላ ቢወደድ ግን ያቆማል። ስለሆነም አንድ ሽልማት ዋጋው ርካሽ ሲሆን ጥሩ መስሎ ስለታየ ብቻ፣ ሥራው ሲከብድም ያው ይሆናል ማለት አይደለም። የእኛ የቤት ሥራ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሦስት ሦስት የመደመር ጥያቄ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ማባዛት ገባንና ዐሥር ዐሥር ጥያቄ ሰጠን። ካርቶኗ ግን ያችው አንዲት ካርቶን ነች። ዋጋውን ከሦስት እጥፍ በላይ አንሥተን ገበያተኛው ለምን ሸሸ ብለን ተገረምን!

ሁለተኛው ዝግና ክፍት ኢኮኖሚ የሚባለው ነው። እንስሳው ምግቡን ሁሉ የሚያገኘው በሙከራው ውስጥ በመሥራት ብቻ ከሆነ ኢኮኖሚው ዝግ ነው። ከሙከራው በኋላ በነፃ የሚቀለብ ከሆነ ክፍት ነው። በዝግ ኢኮኖሚ ውስጥ ዋጋ ቢወደድም ይሠራል፤ በክፍት ውስጥ ግን ቶሎ ይታክታል፣ «ኋላ አገኘዋለሁ» እንደማለት። ይህ ልዩነት የአእምሮ ዕድገት ችግር ባለባቸው ሰዎች ትምህርት ላይም በ2005 በወጣ ጥናት ታይቷል። እኛ በእርሳስ ስንሸልም፣ ግማሾቹ ልጆች ወላጆቻቸው እርሳስ እንደሚገዙላቸው አላሰብንም። ለነሱ እርሳስ በነፃ የሚገኝ ዕቃ ነው። ይሁንና ከዚህ ላይ ተነሥቶ «እንግዲያው ልጁን ሁሉን ነገር ነፍገን እናሠራው» የሚል ቢኖር አንስማማም። ምግብን፣ ዕረፍትንና መጸዳጃ መሄድን መሸለሚያ ማድረግ አስተማሪነት አይደለም። ካሉት መብቶች መቀነስ ሳይሆን ከዚህ በፊት ያልነበረውን መጨመር ይሻላል ባዮች ነን።

ሦስተኛው ምትክ ነው። ልጁ ከካርቶኗ ሌላ ምን ያገኛል? ሪቻርድ ኸርንስታይን በ1961 ሁለት መንኪያ ያላቸው ርግቦችን አጥንቶ፣ ርግቧ ለሁለቱ የምታካፍለው መንካት ከየአንዳንዳቸው ከምታገኘው ምግብ ድርሻ ጋር የተመጣጠነ መሆኑን አሳየ። ከአንዱ መንኪያ ከምግቡ ሁለት ሦስተኛውን የምታገኝ ከሆነ ከመንካቷም ሁለት ሦስተኛ ያህሉን እዚያ ታውላለች። በክፍል ውስጥም ሁልጊዜ ሁለተኛ መንኪያ አለ። ልጁ ሲረብሽ ጓደኞቹ ይስቁለታል፣ አስተማሪው ስሙን ይጠራል፣ የክፍል አለቃው «ረባሽ» ብሎ በሰሌዳ ይጽፈዋል። ይህ ሁሉ ለአንዳንዱ ልጅ ከካርቶን የበለጠ ክፍያ ነው። እንግዲህ ልጁ ለምን ይረብሻል ብሎ ከመጠየቅ በፊት መረበሽ ስንት ይከፍለዋል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ «ረባሾች» ዝርዝር አንድ ነገር እንበል፤ እኛም በልጅነታችን ተጽፈንበታልና። በ1969 ሐሪየት ባሪሽ፣ ሙሪየል ሳውንደርስና ሞንትሮዝ ዎልፍ ባወጡት ጥናት በአንድ አራተኛ ክፍል ውስጥ የነበሩ 24 ተማሪዎች በሁለት ቡድን ተከፈሉ። አንድ ልጅ ከመቀመጫው ያለ ፈቃድ ሲነሣ ወይም ሳይፈቀድለት ሲናገር በቡድኑ ስም በሰሌዳ ላይ ምልክት ይደረጋል። ጥቂት ምልክት ያለው ቡድን ያሸንፋል፤ ሁለቱም ቡድኖች ምልክታቸው ከተወሰነ ቁጥር ካላለፈ ሁለቱም ያሸንፋሉ። የሚያገኙትም ለምሳ ቀድሞ መሰለፍን የመሳሰሉ በገንዘብ የማይገዙ ነገሮች ነበሩ። ረብሻው በጣም ቀነሰ። ከእኛ «ረባሾች» ዝርዝር የሚለየው በምንድነው? በእኛ ዝርዝር ረባሹ ልጅ ታዋቂ ይሆናል፤ በነሱ ጨዋታ ግን የጓደኞቹ ሣቅ ይቀርበታል፣ ምክንያቱም ጓደኞቹም ይከስራሉ። ሁለተኛው መንኪያ ተዘጋ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። «የባሕርይ ኢኮኖሚክስ» በሚለው ስም የሚጠሩ ሁለት ቤቶች አሉ። አንደኛው እስካሁን የተናገርነው ከርግብና ከአይጥ ላቦራቶሪ የወጣው ነው። ሁለተኛውና በዓለም ይበልጥ የታወቀው ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባወጡት ጽሑፍ የተስፋፋው ነው። እነሱ የጠየቁት ሰው ትርፍና ኪሣራን ሲመዝን አእምሮው እንዴት ይሳሳታል የሚለውን ነው። ከግኝታቸው አንዱ፣ ሰው አንድን ነገር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ነገር ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይበልጣል የሚል ነው። ካነማን በ2002፣ የዚህ ቤት ሌላው ሰው ሪቻርድ ቴለር ደግሞ በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አገኙ። የመጀመሪያው ቤት ሰዎች «ወደ አእምሮው ውስጥ አትግቡ፣ ዋጋውንና ጊዜውን ቁጠሩ» ይላሉ፤ የሁለተኛው ቤት ሰዎች ደግሞ «አእምሮው ዋጋውን እንዴት እንዳየው ካላወቃችሁ ቆጠራችሁ ባዶ ነው» ይላሉ። በእኛ አስተያየት አስተማሪ ከሁለቱም መዋስ ይችላል፤ ነገር ግን ከየትኛው ቤት እንደተዋሰ ማወቅ አለበት።

ሁለቱ ቤቶች በአንድ ክፍል ውስጥ የተገናኙበትን እናሳይ። ሐዋርድ ራክሊንና ሊዮናርድ ግሪን በ1972 ርግቦችን እንዲህ ብለው አስመረጡ፦ አሁኑኑ ለሁለት ሴኮንድ መብላት ወይስ አራት ሴኮንድ ጠብቆ ለአራት ሴኮንድ መብላት? ርግቦቹ አሁኑኑ የሚገኘውን ትንሹን መረጡ። ምርጫው ቀደም ብሎ፣ ሁለቱም ገና ሩቅ ሳሉ ሲቀርብላቸው ግን ወደ ትልቁ አደሉ። ማለትም የሽልማት ዋጋ በመዘግየት ይቀልጣል፤ የሚቀልጠውም ይበልጥ በመጀመሪያዎቹ ቅጽበቶች ነው። ይህንን ባሕርይ ተንታኞች ዐውቀውት ከቆዩ በኋላ፣ ስቲቨን ሌቪት፣ ጆን ሊስትና ባልደረቦቻቸው በ2016 ባወጡት ጥናት በቺካጎና በአካባቢዋ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎችን በፈተና ሸልመው ሞከሩ። ሽልማቱ ፈተናው እንዳለቀ ወዲያው ሲሰጥ ውጤቱ ሊሻሻል ቻለ፤ ከአንድ ወር በኋላ ይሰጣችኋል ሲባሉ ግን የሽልማቱ ኃይል ጠፋ። ለትንንሾቹ ልጆች ደግሞ ዋንጫን የመሰለ ገንዘብ ያልሆነ ሽልማትም ይሠራ ነበር። እኛ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ የሁለት ሳምንት ዓርብ ቀጠርንለት! ያ 17 ካርቶን የሰበሰበው ልጅ ዓርብን ሳይጠብቅ ዛሬ በቆሎና በብይ ሲከፍላቸው፣ የሸጡለት ልጆች ሞኞች አልነበሩም። የሩቁን እርሳስ በቅርቡ ቆሎ ለወጡት።

ስለ ማጣትም ሁለቱ ቤቶች የየራሳቸው ስም አላቸው። የባሕርይ ተንታኞች የተሰጠን ምልክት በጥፋት ምክንያት መልሶ መውሰድን «የምላሽ ዋጋ» ይሉታል። ሮላንድ ፍራየር፣ ሌቪት፣ ሊስትና ሳሊ ሳዶፍ ደግሞ በ2012 ባወጡት ጥናት በቺካጎ ሃይትስ ከተማ በአስተማሪዎች ላይ ሞክረውታል። ለአንዳንዶቹ አስተማሪዎች በዓመቱ መጀመሪያ 4,000 ዶላር በእጃቸው ተሰጣቸው፤ ተማሪዎቻቸው ካልተሻሻሉ ይመልሱታል። ለሌሎቹ የዓመቱ መጨረሻ ላይ እንደሚሰጥ ተነገራቸው። በሒሳብ ትምህርት የተማሪዎቻቸው ውጤት ጎላ ብሎ የተሻሻለው የመጀመሪያዎቹ ነው። እኛ ነገ አስተማሪዎች እንሆናለንና ይህንን ስናነብ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ጥናቱ እውነት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የተበላ ገንዘብ መልስ ይባል ይሆን እያሉ ማስተማር ግን ምን ዓይነት ኑሮ ነው? እንዲህ ያለውን ነገር በሕፃን ላይ ከማድረግ በፊት በራስ ላይ አስቦ ማየት ደግ ነው።

ቅጣትም እንዲሁ አታላይ ነው። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ በ2000 ያወጡት ጥናት በእሥራኤል ሐይፋ ከተማ በዐሥር የሕፃናት መዋያዎች የተደረገ ነው። ልጆቻቸውን ለመውሰድ አርፍደው የሚመጡ ወላጆች ነበሩ። በአንዳንዶቹ መዋያዎች ከዐሥር ደቂቃ በላይ የሚያረፍድ ወላጅ 10 ሼክል እንዲቀጣ ተደነገገ። ውጤቱ የተጠበቀው ተቃራኒ ሆነ፤ የሚያረፍዱት በዙ፣ እንዲያውም በእጥፍ ያህል። ቅጣቱ ሲነሣም ቁጥራቸው ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ከቅጣቱ በፊት ወላጁ የሚከፍለው ዋጋ ኀፍረት ነበር። ቅጣቱ ሲመጣ ኀፍረቱ በ10 ሼክል ተሸጠ። ባሕርይ ተንታኝ ግን በዚህ ብዙም አይደነቅም፤ ድርጊቱን ያበዛ ነገር ስሙ «ቅጣት» ቢሆንም ቅጣት አይደለም ይላል። ከላይ ስለ ማጠናከሪያ ያልነው ተገልብጦ መጣ ማለት ነው።

ሽልማትን የሚነቅፉም አሉ፤ ነቀፌታቸውን መደበቅ የለብንም። ማርክ ሌፐርና ጓደኞቹ በ1973 በመዋዕለ ሕፃናት ሥዕል መሳል የሚወዱ ልጆችን «ብትስሉ እንሸልማችኋለን» ብለው ከሸለሟቸው በኋላ፣ ልጆቹ በነፃ ጊዜያቸው ከሌሎቹ ያነሰ መሳላቸውን አሳይተዋል። ስለዚህ ልጁ ራሱ ወዶ ለሚሠራው ነገር ክፍያ ማውጣት ሊያበላሸው ይችላል። ከክፍላችን 20ዎቹ ልጆች ከካርቶኑ በፊትም የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር። ረቡዕ ዕለት 18 ሲሆኑ ከነዚያው 20ዎች ውስጥ ጥቂቶቹም እንደቀሩ ከስም መጥሪያው አይተናል። ይህ ነገር ከሁሉ ይበልጥ አሳስቦናል።

አሁን ወደዚያች ልጅ እንመለስ። ከመካከላችን አንዷ በሐሙስ ዕረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ አነጋገረቻት። ልጅቱ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ጀሪካን ይዛ ቦኖ ትሄዳለች። ወረፋው እስኪደርሳት ይመሻል። ቤት ስትደርስ ሕፃን ወንድሟን ታዝላለች፣ እናቷ እራት እስክታደርስ። ከዚያ በኋላ ኩራዙ የሚበራው ለእራት ብቻ ነው፣ ጋዝ እንዳያልቅ። እንግዲህ ለጎረቤቷ ልጅ የቤት ሥራ ዋጋው ግማሽ ሰዓት ጨዋታ ነው። ለርሷ ግን የቤት ሥራ ዋጋው ውኃ ነው፣ ወንድሟ ነው፣ ጋዝ ነው። አንዲት ካርቶን ይህንን ሁሉ እንድትገዛ ነው የጠየቅናት። ስሟን ከሰሌዳው ጥግ ያጠፋነው በዚያው ዕለት ነው፤ «ሰነፎች» የሚለውንም አብረን አጠፋነው። ይቅርታም ጠየቅናት። እሷ ግን ይቅርታ መጠየቃችን ይበልጥ አሳፈራትና ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች።

ልምምዳችን ሊያበቃ የቀሩት ስድስት ቀናት ነበሩ። ከክፍሉ መምህር ጋር ተማክረን ደንቡን ቀየርነው። የመጨረሻዎቹን አሥራ አምስት ደቂቃዎች ለ«ቤት ሥራ» በክፍል ውስጥ ሰጠን፤ ጥያቄዎቹንም ወደ አራት ዝቅ አደረግን። ካርቶኗ በዚያው ቀን ትመነዘራለች፤ እርሳስ ቀረ። በሁለት ካርቶን ደወል መደወል፣ በሁለት ኳስ ይዞ መውጣት፣ በአንድ ሰሌዳ መጥረግ፣ በአንድ ለአንድ ቀን ከሚወዱት ጓደኛ ጋር መቀመጥ። ካርቶኗ ላይ የልጁ ስም ስለሚጻፍ አትሸጥም። (ነጋዴው ልጅ በዚህ በጣም ቅር አለው፤ በሒሳብ ግን ከክፍሉ የሚበልጠው እንደሌለ ያወቅነው በዚሁ ጊዜ ነው።) በመጀመሪያው ቀን 51 ልጆች አራቱንም ጥያቄ ጨረሱ፤ በስድስተኛው ቀን 49። ይህንን እንደ ማስረጃ አናቀርበውም። ጥያቄ ቀነስን፣ ጊዜ ሰጠን፣ ሽልማት ቀየርን፣ ሁሉን በአንድ ቀን፤ ስለዚህ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። እነ ሆል እንዳደረጉት አንዱን ለይቶ አንሥቶ መመለስ ያስፈልግ ነበር፤ ጊዜው አልበቃንም። ልጅቱ በስድስቱ ቀን ስድስት ካርቶን አገኘች። በአራቱ ሁለት ጊዜ ደወል ደወለች፤ የቀሩትን ሁለቱን አልመነዘረችም፣ ይዛቸው ሄደች።

በሚቀጥለው ወር ለልምምድ የሚወጡ የሁለተኛ ሴክሽን ሰልጣኞች ካርቶኖቹን ከፈለጉ በፔዳጎጂ ማዕከሉ በበሩ በስተግራ ባለው መደርደሪያ፣ ሁለተኛው እርከን ላይ በጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠናቸዋል። 140 ያህል ናቸው። ስም የተጻፈባቸውን ለይተን አውጥተናል። ከሥራቸው የዕለት መቁጠሪያ ቅጽ አለ፤ ካርቶን ማደል ከመጀመራችሁ በፊት ቢያንስ ለአምስት ቀን ያለ ምንም ሽልማት ቁጠሩበት፤ እኛ ያንን አላደረግንም፣ «ከ20 አይበልጡም» ያልነውም በግምት ነበር።